ወንጪ ላይ ቤት መግዛት ለምትፈልጉ

የወንጪ ሐይቅን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «እዚያ ቤት ይሸጣል ወይ? ስንት ይላሉ? ማንን እናናግር?» ከአዲስ አበባም፣ ከጀርመንም፣ ከአሜሪካም ጻፋችሁልኝ። ለእያንዳንዱ በድምፅ ስመልስ ሰነበትኩ፤ አሁን አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይቀመጥ። ረጅም ነው። ቢሆንም ለማንም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ራሴ የተመለስኩት ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አምቦ ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጆች ሳለን ወንጪ ሩቅ አገር ነበር። መንገዱ ኮረኮንች፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ነው። ያየ ሰው ሲያወራ እንሰማለን እንጂ ብዙዎቻችን አልደረስንበትም። ዛሬ ከአምቦ ወሊሶ የሚወስደው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው፤ ወንጪ መሀሉ ላይ ናት። በ2012 ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተካተተች፤ በ2014 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ሰየማት፤ በ2016 የወንጪ ደንዲ ፕሮጀክት ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ከሐይቁ በላይ ባለው ገደል ጠርዝ ላይ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ያየ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። እኔም ያንኑ አሰብኩ። ጡረታ ስወጣ እዚህ እኖራለሁ አልኩ።

ደላላ ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገኝም፤ እሱ አገኘኝ። ጥር ውስጥ ከጠርዙ ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ ወሰደኝ። ቤቱ የአርባ ቆርቆሮ ነው፤ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ ጭቃ ተመርጎ በእበትና በአመድ የተለቀለቀ። ከጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ በታች የድንች መደብ፣ ከዚያ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ገደሉ። በገደሉ ስር ሐይቁና ቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ይታያል። ባለቤቶቹ አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። አባባና እማማ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

ከተመላለስን በኋላ አንድ ቀን ደላላው ጥያቄዬን ሳልጨርሰው ቀደመኝ። «መሬት እንደማይሸጥ አውቃለሁ። አንተ የምትገዛው ቤቱን ነው፤ መሬቱ አብሮ ይመጣል» አለኝ። ወረቀቱም ተዘጋጅቷል። አባባ ከእኔ ገንዘብ እንደተበደሩ ይጻፋል፤ እስኪመልሱ ድረስ ቤቱና ግቢው በእኔ እጅ ይቆያል፤ የመመለሻው ጊዜ ግን አይጻፍም። የብድር ውሉን ካልወደድኩ በስጦታ ይደረጋል፤ ስጦታውም ካልሆነ በውክልና። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ሁሉም የተባሉት እነማን እንደሆኑ ስጠይቀው አጥሮችን በእጁ አሳየኝ።

ያን ዕለት ማታ አምቦ ወርጄ ረቂቁን ለጠበቃ ወዳጄ አሳየሁት። እሱ ያስረዳኝን እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንም ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቤትና ለሚያደርገው ማሻሻያ ሙሉ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ደላላዎች የሚጠቅሱት ይህችን ነው። ከተማ ውስጥ ቤት የሚሸጠውና የሚገዛው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነገሩ እውነት ይመስላል። ገጠር ግን ቤቱ የቆመበት ይዞታ በሽያጭ ስሙ አይዞርም። ስለዚህ ቤቱን ገዛሁ የሚል ሰው በእጁ የሚቀረው ቆርቆሮውና እንጨቱ ነው። ይዞታው ዛሬም ነገም የገበሬው ነው፤ ወረዳው መዝገብ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው።

የብድር ውል ተብሎ የተጻፈው ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው አርዕስቱን አይቶ አይቆምም፤ ውስጡን ያያል። ውስጡ የመሬት ሽያጭ ከሆነ ውሉ ፈራሽ ነው። ደግሞ ይህን አስቡት፦ ሻጩ ሞቶ ልጆቹ ቢመጡ፣ ወይም መሬቱ ለመንገድ፣ ለሎጅ፣ ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ምን ይሆናል? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለዘለቄታው ለሚወሰድበት ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ያገኘበት ዓመት ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ካሣ እንዲከፈል ያዝዛል። ካሣው ለባለይዞታው ነው። በብድር ውል የተቀመጠ ሰው ባለይዞታ አይደለም። ወንጪን በመሰለ፣ በየዓመቱ አዲስ ሥራ በሚታሰብበት ቦታ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ገንዘቤን ብቻ ባስብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። በማግስቱ ግን ወጣሁ፤ ሰዎቹን ፊት ለፊት ሳልነግራቸው መቅረት ስለከበደኝ ነው።

አባባ የይዞታ ማረጋገጫቸውን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ። የሁለቱም ፎቶ አለበት፤ የእሳቸውም የእማማም። ኦሮሚያ ውስጥ ባልና ሚስት በጋራ ነው የሚመዘገቡት። ደላላው በመጣባቸው ቀናት ሁሉ እማማን አንድም ነገር ሲጠይቃቸው አላየሁም ነበር። እሳቸውም ቡናውን አቅርበው ዳር ይቀመጡ ነበር። ያን ቀን ግን ደላላው ስላልነበረ ይሆናል፣ ጠየቁኝ።

«ኢልማ ኮ (ልጄ)፣ ቤቱን ስትገዛ እንሰቱን ምን ልታደርገው ነበር?»

እንዳለ ይቆያል አልኳቸው።

«ማን ይፍቀዋል?»

መልስ አልነበረኝም። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው ብርድ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ወንጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ ያዘገየዋል። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው የሚያብላሉት ሴቶች ናቸው። የዚያ ጓሮ እንሰት የእማማ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ገብሱን ውርጭ ቢመታው ቤቱ የሚበላው እሱን ነው። እኔ «አረንጓዴ ጓሮ» ብዬ ያየሁት የእሳቸው ጎተራ ነበር። ይህን በዋጋው ውስጥ ማንም አልቆጠረውም። እኔም አልቆጠርኩትም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አባባ ለምን ሊሸጡ እንዳሰቡ የነገሩኝም ያን ቀን ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ወደ ውጭ መሄድ ይፈልጋል፤ ለሚወስደው ሰው የሚከፈል ገንዘብ ተጠይቋል። ቀጥለው ስለ አባታቸው አወሩኝ። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ፤ ከምርቱ ለባለመሬቱ ያካፍሉ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አባባ ጎረምሳ ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ከለከለ። «አባቴ መሬት በስሙ ሲጻፍ እያየ ነው የሞተው» አሉ፤ ሲናገሩ ወረቀቱን በመዳፋቸው እየዳበሱት ነበር።

ስለ መሬት ይሸጥ አይሸጥ ክርክር ብዙ አንብቤያለሁ። ገበሬው መሬቱን ሸጦ መነገድ ይችል፣ አስይዞ መበደር ይችል የሚሉት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፤ በ2016 የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን በዋስትና ስለማስያዝ የደነገገው ከዚያው ችግር ተነስቶ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በዚያ ግቢ ልሰጥ የነበረው ገንዘብ ለአንድ ልጅ መንገድ ያልቅ ነበር። አባባና እማማ ከዚያ በኋላ የት ይኖሩ ነበር? ደላላው ለዚህ የሰጠኝ መልስ «ከልጃቸው ጋር» የሚል ነበር። ልጃቸው ደግሞ ሊሄድ ነው።

እዚህ ላይ የፈረንሳዩን ጓደኛዬን ነገር ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ «ውጭ አገር እኮ ገጠር ቤት መግዛት ቀላል ነው» ስለምትሉኝ። አምቦ አብረን የተማርን ልጅ ነው፤ ዛሬ ፈረንሳይ መሀል አገር፣ ክሩዝ በሚባል የገጠር ክፍል ይኖራል። ክሩዝ ወጣቱ ወደ ከተማ የሄደበት፣ ሽማግሌ የበዛበት፣ ባዶ የድንጋይ ቤት በየመንደሩ የቆመበት አገር ነው። እኔ ወንጪ ስመላለስ እሱም ቤት እየገዛ ስለነበር በየማታው በድምፅ እናወራ ነበር።

እዚያ ነገሩ የሚያልፈው በኖተር በኩል ነው። ኖተር መንግሥት የሾመው የውል ሹም ነው፤ ያለ እሱ የቤት ዝውውር የለም። መጀመሪያ የመግባቢያ ውል ይፈረማል። ገዢው ውሉ ከደረሰው በኋላ ያለምንም ምክንያት ሐሳቡን የሚቀይርበት 10 ቀን አለው። ሻጩ ስለ ቤቱ ኃይል አጠቃቀም፣ እንደ ዕድሜው ስለ እርሳስ ቀለምና ስለ አስቤስቶስ፣ ስለ ፍሳሽ ጉድጓዱ የተመረመረ ሰነድ ያቀርባል። ከዚያ ኖተሩ ይዞታው ዕዳ እንደሌለበት ሲያጣራ ሁለት ሦስት ወር ይሄዳል። ለአሮጌ ቤት ከዋጋው በላይ ከ7 እስከ 8 በመቶ ለቀረጥና ለኖተር ይከፈላል።

በጣም የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። ጓደኛዬ ከቤቱ ጋር ትንሽ የግጦሽ መሬት ሊገዛ ነበር። ያኔ ኖተሩ ሳፌር ለሚባል ተቋም ማሳወቅ አለበት አለው። ሳፌር በ1960 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ ነው፤ የእርሻ መሬት ሲሸጥ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ መሬቱ ማረስ ለሚፈልግ ወጣት ገበሬ ቢሰጥ ይሻላል ካለ ከገዢው ፊት ገብቶ ይወስደዋል። ለውሳኔውም 2 ወር አለው። ጓደኛዬ 2 ወር ጠበቀ፤ በመጨረሻ ሳፌር አልፈልግም አለና ግዢው አለቀ። መሬት በነጻ በሚሸጥበት አገር እንኳ የእርሻ መሬት ከገበሬ እጅ ወጥቶ ወደ ከተሜ መዝናኛ ሲሄድ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቃል። ይህን ከነገረኝ በኋላ የእኛን ሕግ እንደ እንቅፋት ብቻ ማየት ተውኩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በሕግ የሚቻለው ምንድን ነው?

በአካባቢው የራሳችሁ ቤት እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ ከተማ ውስጥ ፈልጉ፤ አምቦ፣ ወሊሶ፣ ጊንጪ፣ ወይም የወንጪ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጭቱ። እዚህ ላይ ብዙ የአምቦ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ወንጪ ወረዳ በምዕራብ ሸዋ ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ነው፤ ዞኑ መቀመጫው ወሊሶ ነው። ስለ ይዞታ ማጣራት የምትፈልጉት መዝገብ ያለው አምቦ ሳይሆን በዚያ በኩል ነው።

ከተማ ውስጥ ቤቱ በነባር ይዞታ ወይስ በሊዝ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ የሊዙ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነና ግንባታው በጊዜው መጠናቀቁን እዩ። ካርታውን ከሻጩ እጅ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ካለው ፋይል ጋር አመሳክሩ። ዕዳና እግድ እንደሌለበት ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሚስት ወይም ባል መፈረማቸውን አረጋግጡ፤ የጋራ ንብረትን አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ውሉ ደግሞ በምስክር ፊት በወረቀት መጻፉ አይበቃም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚመለከተው ሹም ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሰነዱ በቁቤ ነው የሚጻፈው። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የራሳችሁን ተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጩ ደላላ እንዲያነብላችሁ አታድርጉ።

ውጭ ላላችሁ፦ ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ጀምሮ ቤት የማፍራት መብት አለው። በ2017 ደግሞ ለውጭ ዜጎች በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ሁለቱም ሕገ መንግሥቱን አልለወጡትም። የገጠር መሬት ለእናንተም አይሸጥም፤ ደላላ በስልክ «ለዳያስፖራ ልዩ ነው» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ሎጅ ወይም እርሻ ለመክፈት የምታስቡ የኢንቨስትመንት መንገድ አለ፤ የክልሉ ጉዳይ ስለሆነ ከዚያው ጀምሩ። እኔ አልሞከርኩትም። ከገበሬ መሬት መከራየትም ይቻላል፤ የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሹን እንዲያከራይ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ዘመኑ ከ3 ዓመት እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። አዲሱ የፌዴራል አዋጅ ከወጣ ወዲህ የዘመኑ ጣሪያ የት እንደቆመ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ውሉም እዚያው ይመዝገብ።

እኔ የመረጥኩት ግን ከዚህ ሁሉ ቀላሉን ነው። እንደማልገዛ የነገርኳቸው ዕለት አባባ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ አንተ የምትሻው ምንድን ነው?» አሉኝ። መኖር ነው አልኳቸው፤ ጠዋት ተነስቼ ሐይቁን ማየት። ከዋናው ቤት ጎን ትልቁ ልጃቸው ከማግባቱ በፊት ይኖርባት የነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበረች። «እሷን ተከራይ» አሉ። ቤቱ የሠሩት የራሳቸው ንብረት ነው፤ ማከራየት ይችላሉ። ውሉን ሁለቱም ፈረሙ፤ እማማ በአውራ ጣት። የኪራዩን መጠን አልጽፍም፤ ጽፌው ለመንደሩ ሁሉ ዋጋ እንዲሆን አልፈልግም።

ወለሉን አስጠግኜ፣ ግድግዳውን በደቦ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር እንደገና አስመረግኩ። በወር አንድ ሳምንት እዚያ ነኝ። ኑሮው ፎቶው ላይ እንደሚታየው አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ አይበቃም። ክረምት ጉሙ ገብቶ ሐይቁ ለቀናት አይታይም። መብራት ይጠፋል፤ ስልክ ለመደወል የሚወጣባት አንዲት ጉብታ አለች። ድንገት የታመመ ሰው አምቦ ወይም ወሊሶ መድረስ አለበት። መንገዱ ሰላም በሚያጣበት ወቅት ደግሞ ከአዲስ አበባ ጨርሶ አልነሳም፤ መጀመሪያ ለአባባ ደውዬ ነው የምጠይቀው። ይህን ሳላነሳ ኑ ብላችሁ ውሸታም እሆናለሁ።

ጥሩው ነገር ጠዋት ነው። «አካም ቡልተን» እየተባባለ መንደሩ ይነሳል። ፈረስ ያላቸው ጎረምሶች ተራቸውን ይዘው ወደ ጠርዙ ይወጣሉ። የፈረስና የጀልባ ተራ ፕሮጀክቱ ሳይታሰብ በፊት የነበረ የማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው፤ እንግዳ ከሆናችሁ በተራው ለደረሰው ክፈሉ፤ የሚያውቁትን ሰው ልጥቀም ብሎ ተራ መስበር ጠብ ያመጣል። እድር ገብቻለሁ። ባለፈው ክረምት ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ከተከሉት ውስጥ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ይጠሩኛል። ከዚያ በፊት «የአዲስ አበባው» ነበርኩ።

የመጨረሻው ልጃቸው እስካሁን አልሄደም። ፈረስ ገዝቶ ተራ ገብቷል፤ የመሄዱን ነገር ግን አልተወውም፤ ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ስለ ደቡብ አፍሪካ ይጠይቀኛል። የማውቀውን ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።

መጋቢት ላይ እማማ የእንሰት ችግኝ ሲያዛውሩ አብሬያቸው ቆፈርኩ። አሥራ አንድ ነበር። ሁለቱን በእኔ ቤት ግድግዳ በኩል ተከሉና «እነዚህ ያንተ ናቸው፤ ሲደርሱ ግን የምፍቃቸው እኔ ነኝ» አሉኝ።